ከይምርሐነ ክርስቶስ እስከ ለገሃር፦ ጣቢያ ማለት ምን ማለት ነው?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ጊዜ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ስለ ከተማ ሳስተምር በሰሌዳው ላይ «የባቡር ጣቢያ» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ መደዳ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ባቡርም ይታሰራል እንዴ?» አለችኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጆቹ ግን አልሳቁም፤ እነሱም መልሱን እየጠበቁ ነበር። ለካ በእነሱ ቀበሌ ጣቢያ ከተባለ ፖሊስ ጣቢያ ነው፤ ቢበዛ ጤና ጣቢያ። ባቡርን ደግሞ ከመካከላቸው ያየ የለም። «አይ፣ ባቡር የሚቆምበት ቦታ ማለት ነው» ብዬ ላልፍ ስል፣ «ታዲያ ለምን ይቆማል?» የሚል ሌላ ጥያቄ መጣ። ደወሉ አዳነኝ።

ማታ መኝታዬ ላይ ሆኜ ሳስበው አፈርኩ። የባሰው ደግሞ ጣቢያ ምን እንደሆነ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ መሆኔ ነው፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁና። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ያልመለስኩትን እዚህ ግድግዳ ላይ ልመልስ። መምህራኖቻችን ስሕተት ካገኙበት በእርሳስ ያርሙልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ገና የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴን ለዓይን ሕክምና ይዤ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለዩም ነበር። አባቴ ግንበኛ ናቸው። በቢልባላና በይምርሐነ ክርስቶስ ዙሪያ እሳቸው ያላነሱት ግድግዳ ጥቂት ነው። ግንበኛ ዓይኑ ከጠፋ እጁም ሥራ ፈታ ማለት ነው፤ እጁ ሥራ ከፈታ ደግሞ የእኛም ትምህርት እዚያው ላይ ያበቃል። ታላቅ ወንድሜ ለእርሻው ስለሚፈለግ መንገድ እንዳነብላቸው እኔ ተመረጥኩ። ደሴ አድረን በማግስቱ ላምበረት መናኸሪያ ስንወርድ የአባቴ የአጎት ልጅ ተቀበሉን። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው በለገሃር ዕቃ ሲያወርዱና ሲጭኑ የኖሩ፣ በኋላም እዚያው ሠፈር በጥበቃ የሚሠሩ ሰው ናቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ወደ ሥራ ስለሚገቡ፣ «ከለገሃር ጣቢያ ላይ ውጡና የጦር ኃይሎችን ባቡር ያዙ፤ መጨረሻው ላይ ውረዱ» ብለው ሸኙን። ቀላል መሰለኝ። ወጣን፣ ባቡር መጣ፣ ገባን። ሜክሲኮ አለፈ፣ ተግባረ ዕድ አለፈ፣ ልደታ አለፈ። ከዚያ ባቡሩ ወደ ቀኝ ታጠፈ። እኔ ምን አውቄ! አብነት፣ ሰባተኛ እያልን አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት እናት «የት ልትወርዱ ነው ልጄ?» ብለው ሲጠይቁኝ አውቶቡስ ተራ ደርሰናል። ተመልሰን፣ ጠይቀን፣ ተጋፍተን ሆስፒታሉ ስንደርስ ተራችን አልፎ ነበር። ለሳምንት ተመለሱ ተባልን። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የእኔ ነው። አባቴ በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ለመሆኑ ስሕተቱ የቱ ላይ ነው? ይህን ለማስረዳት የከተማውን ባቡር አሠራር ማየት ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መሥመር አለው። አንዱ ከምኒልክ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው የሰሜን–ደቡብ መሥመር ሲሆን ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሌላው ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ–ምዕራብ መሥመር ሲሆን እሱ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ተከተለ። ሁለቱ ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ጣቢያዎቹም 39 ናቸው። የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ከገንዘቡም የሚበዛው ከቻይና በብድር የመጣ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ መሥመሮች በመሐል ከተማ ይገናኛሉ። መገናኘት ብቻ አይደለም፤ ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ድልድይ ላይ፣ በአንድ ሀዲድ አብረው ይሄዳሉ። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ፤ እነዚህ አምስቱ ጣቢያዎች የጋራ ናቸው። ይህ መሆኑ ጥቅም አለው። መሐል ከተማ ቦታ ጠባብ ነው፤ ሁለት ድልድይ ከመሥራት አንድ መሥራት ይቀላል። ከአያት የመጣ ሰው ወደ ቃሊቲ መሄድ ቢፈልግም እዚያው የጋራ ጣቢያ ላይ ይቀይራል። ነገር ግን በአንድ መቆሚያ ላይ ሁለት ዓይነት ባቡር ይመጣል ማለት ነው። የምሥራቅ–ምዕራቡ አረንጓዴና ነጭ፣ የሰሜን–ደቡቡ ሰማያዊና ነጭ ቀለም አላቸው። ከተሜው ቀለሙን በሩቅ አይቶ ይለያል። እኔ ባቡር ሁሉ ባቡር መስሎኝ ሰማያዊው ላይ ዘው አልኩ። ቀለም ያልለዩት አባቴ ሳይሆኑ ዓይን ያለኝ እኔ ነበርኩ!

ወደ ልጆቹ ጥያቄ ልመለስ። ባቡር ለምን ይቆማል? ሰው ለማውረድና ለመጫን ብቻ አይደለም። የጥንቱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር 784 ኪሎ ሜትር መንገድ ነበረው፤ ሀዲዱም አንድ ነጠላ ነው። በነጠላ ሀዲድ ላይ ወጪና ወራጅ ባቡር ፊት ለፊት ቢገጥሙ ምን ይሆናል? ስለዚህ በየጣቢያው ሁለተኛ ሀዲድ ተዘርግቶ አንዱ እዚያ ገብቶ ሲቆም ሌላው ያልፋል። ጠባብ ገደል ላይ በቅሎ የጫኑ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ አንዱ ሰፋ ባለው ቦታ ቆሞ ሌላውን እንደሚያሳልፈው ማለት ነው። (ይህን ምሳሌ በክፍል ውስጥ ብናገረው ኖሮ ሁሉም ይገባቸው ነበር፤ ግን አልመጣልኝም።) ደግሞ በእንፋሎት ዘመን ባቡር ውኃ ይጠጣል። ውኃው ፈልቶ እንፋሎት ሆኖ ነው መንኮራኩሩን የሚገፋው፤ ሲያልቅበት መሙላት አለበት። ነጂም ይደክማል፣ ይቀየራል። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ለመድረስ መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበርና መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ ያድራል። ማደሪያ ካለ ምግብ ቤት አለ፤ ምግብ ቤት ካለ ገበያ አለ። ድሬዳዋ የተወለደችው እንዲሁ ነው። ሀዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደረሰ፤ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ከግርጌ ቆመ። በቆመበት ቦታ ከተማ በቀለ።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከተማው ቀድሞ ነበር። በ1879 ዓ.ም. በፍልውኃ ዙሪያ የተቆረቆረው ከተማ ባቡሩን ያየው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ የምናውቀው የለገሃር ሕንፃ ያለቀው ከዚያም በኋላ በ1922 ዓ.ም. ነው። ስሙም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ «ላ ጋር» ማለት ጣቢያው ማለት ነው። ስለዚህ «ለገሃር ጣቢያ» ስንል «ጣቢያው ጣቢያ» ማለታችን ነው። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ሠላሳ ዓመት እዚያ ሠርተው እሳቸውም የሰሙት ዘግይተው እንደሆነ አልደበቁኝም።

ያቺን አንድ ሳምንት ከአባቴ ጋር ከተማውን በእግር ዞርን። ቤት ተቀምጠን የጋሼን እንጀራ ከመቁጠር ይሻላል ብለን ነው። አባቴ አያዩም፤ ስለዚህ እኔ የማየውን መናገር ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ከተቀበልኩት የማስተማር ልምምድ ሁሉ ከባዱ ያ ነው። «ትልቅ ሕንፃ አለ» ስላቸው «ትልቅ ምንድን ነው? ስንት ክንድ? በምን ተሠራ? በሩ ወዴት ነው?» ይላሉ። «የሚያምር» ብላቸው ዝም ይላሉ። «ውስጡ ማን ይገባል?» ሲሉኝ ግን መልስ ማግኘት ጀመርኩ። ሕዝባዊ ሕንፃ ከሰው ቤት የሚለየው በዚህ ነው። የሰው ቤት ባለቤቱን ያስገባል፤ ፖስታ ቤት፣ ቴአትር ቤት፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ጣቢያ ግን ማንነቱን ሳይጠይቅ የመጣውን ሁሉ የሚያስገባ በር፣ የሚያስጠብቅ ሰፊ ክፍል፣ ከዚያም ጉዳዩ የሚፈጸምበት ውስጠኛ ቦታ አለው። አባቴ ወዲያው፣ «ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ በለኛ!» አሉኝ። በእርግጥም የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ለሚያውቅ ልጅ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። ባቡር ጣቢያም ትኬት የሚቆረጥበት ውጪ አለ፣ የሚጠበቅበት መሐል አለ፣ ከዚያ ሁሉም ሰው የማይረግጠው ሀዲዱ አለ። አመሳሰሉ ቤተ ክርስቲያንን ለማቃለል አይደለም፤ ሁለቱም ብዙ ሰው በሥርዓት የሚቆምባቸው ቤቶች ስለሆኑ ነው።

ከጽሑፉ አጠገብ የለጠፍኩትን ንድፍ ተመልከቱ። ከታች ለገሃር አለ፤ ከላይ ማዘጋጃ ቤት አለ፤ መሐላቸውን ቸርችል ጎዳና ያገናኛቸዋል። ጎዳናው ዳገት ነው። ባቡር ዳገት አይወድም፤ የብረት መንኮራኩር በብረት ላይ ይንሸራተታልና። ስለዚህ ጣቢያው ከግርጌ መሆኑ ይስማማዋል። መንገደኛ ከባቡር ወርዶ ቀና ሲል ከተማው ሁሉ ከፊቱ ወደ ላይ ተዘርግቶ ይታየዋል። ከጣቢያው ፊት የነሐሱ የአንበሳ ሐውልት አለ፤ በ1923 ዓ.ም. ለንግሥ በዓል የቆመ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ ነቅሎ ሮም ወስዶት ነበር፤ የዘርዓይ ድረስ ታሪክ ከዚህ ሐውልት ጋር እንደሚነሣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ተመለሰ። ጥቂት ከፍ ሲሉ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ሌላ የድንጋይ አንበሳ አለ። ቴአትር ቤቱን ኢጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው ጀምረውት በኋላ በፈረንሳዊው አርክቴክት በሄንሪ ሾሜት ተሠርቶ ለንጉሡ 25ኛ የዘውድ በዓል በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። አንበሳውን የቀረጸው ሞሪስ ካልካ ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ውስጥ «አንበሳው ጋ እንገናኝ» የሚላችሁ ሰው ካለ የቱ አንበሳ እንደሆነ መጠየቅ ነው። እኛ አንድ ቀን ጋሼን ከአንዱ አንበሳ ሥር ስንጠብቅ እሳቸው ከሌላው ሥር ቆመው ነበር።

ወደ ላይ ስንወጣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ በ1977 ዓ.ም. የቆመው የትግላችን ሐውልት እያለ ማዘጋጃ ቤት ይደረሳል። ማዘጋጃ ቤቱን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ኢጣሊያዊ ነው። የአፍሪካ አዳራሽም የእሱ ሥራ ነው፤ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። በውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል አለ። እኛ በሄድንበት ጊዜ ለእድሳት ተዘግቶ ስለነበር ከአጥሩ ውጪ ቆሜ ለአባቴ መስኮቱን ብቻ ቆጠርኩላቸው። እድሳቱ አልቆ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፍቷል።

ከሁሉም በላይ አባቴን የያዛቸው ግን አዳራሹም ማዘጋጃ ቤቱም አልነበረም። ባቡሩ የሚሄድበት ድልድይ ምሰሶ ነው። ለገሃር ሥር ቆመው በሁለት እጃቸው ዳሰሱት፣ በጣታቸው አንኳኩት። «ድንጋይ አይደለም» አሉ። «አርማታ ነው» አሉ ጋሼ፤ «ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር ነው።» «እንዲህ ቀጥኖ ያን ሁሉ ብረት እንዴት ይሸከማል? ውስጡ ምን አለ?» «ፌሮ አለው፣ ብረት።» አባቴ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያውስ ይምርሐ ነዋ!» አሉ።

ይህ አባባል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቁ ላስረዳ። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ በስተሰሜን፣ በጥድ ደን መካከል፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ ይገኛል። ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጕዬ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ያሠራው ነው ይባላል። እንደ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዓለት የተፈለፈለ ሳይሆን በዋሻው ውስጥ የተገነባ ነው። ግድግዳውን ያየ ሰው አይረሳውም፤ አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ እያለ ይወጣል። እንዲህ ያለው አሠራር ከአክሱም የተወረሰ ነው። ጎብኚ ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። ግንበኛ ግን ሌላ ያያል። ድንጋይ ከላይ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡትና ሲያጥፉት ግን ይለያያል። እንጨት ሲስቡት ይችላል። በየረድፉ አግድም የገባው እንጨት ግድግዳውን እንደ መቀነት አስሮ ይይዘዋል፤ ክብደቱንም ከአንድ ቦታ ወስዶ ለሁሉም ያካፍላል። አርማታም እንዲሁ ነው። ሲሚንቶው መጫንን ይችላል፣ መሳብን አይችልም፤ ፌሮው መሳብን ይችላል። የዛሬ ግንበኞች በግድግዳ አናት ዙሪያ የሚያስሩት ቢም፣ አባቴ በሠፈራችን ቤት ላይ የሚያስገቡት አግድም እንጨት፣ የይምርሐ ረድፍ፣ የባቡሩ ድልድይ አንድ ሐሳብ ናቸው። ይምርሐ ከ800 ዓመት በላይ ቆሟል። አባቴ ይህን ያሉት ዓይናቸው ሳያይ፣ በመዳፋቸው ብቻ ነው። እኔ ግን በሁለት ዓይኔ ሳምንት ሙሉ በዚያ ድልድይ ሥር ስመላለስ ምሰሶ መሆኑን እንጂ ምን እንደሚሠራ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የድሮውን አዲስ አድርጌ እንዳላስተምራችሁ ይህንንም ልጨምር። በለገሃር ሕንፃ የጥንቱ ባቡር መሄድ ካቆመ ቆይቷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ መነሻው ከመሐል ከተማ ውጪ፣ በሰበታና በለቡ በኩል ሆነ። የሀዲዱም ስፋት የተለየ ነው፤ የድሮው 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር። ስለዚህ አዲሱ ባቡር ቢፈልግም በድሮው ሀዲድ ለገሃር መግባት አይችልም። መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለታል። እኛ ስናልፍ ገና በግንባታ ላይ የነበረው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ቁመቱ ከ200 ሜትር ይበልጣል። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዚያው ዓመት በተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ከአባቴ ጋር ካየነው ፒያሳ ብዙው ፈርሷል። የቀላል ባቡሩም ቢሆን ከጊዜ በኋላ መለዋወጫ እያጠረው ከባቡሮቹ ከፊሎቹ ከሥራ ወጥተዋል፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

ይህን ሁሉ ለሦስተኛ ክፍል አናስተምር እንደሆነ አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ልምምድ ያሰብኩት ግን በላሊበላ መናኸሪያ መጀመር ነው፤ ብዙዎቹ ልጆች ያን አይተዋል። ማን ይጠብቃል? የት ይጠብቃል? መኪናው ለምን ይቆማል? የቱ መኪና ወዴት እንደሚሄድ በምን ታውቃላችሁ? ከዚህ በኋላ ነው የባቡሩን ሥዕል የማሳያቸው። ሁለት ወረቀት ቀለም ቀብቼ፣ አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ሰማያዊ አድርጌ፣ ልጆቹን በሁለት ሰልፍ በአንድ ጠረጴዛ አጠገብ አሳልፋቸዋለሁ። ከመምህራኖቻችን ወይም ከባልደረቦቼ የተሻለ ዘዴ ያለው ካለ ከዚህ ሥር ይጻፍልኝ።

አባቴ በቀጠሯቸው ሳምንት ቀኝ ዓይናቸውን ተሠሩ። ፋሻው ከተፈታ በኋላ ለቁጥጥር ስንመለስ ያው ለገሃር ጣቢያ ላይ ቆምን። ባቡር ሲመጣ እኔ ጓዛችንን ይዤ ብድግ አልኩ። አባቴ እጅጌዬን ያዙኝና፣ «ተው፣ ይኸ ሰማያዊ ነው» አሉኝ።